ከዓድዋ ወደ አልጄሪያ፦ ለ8ኛ ክፍል መምህር

የአዲስ አበባ ተማሪ ስለ ነፃነት ጦርነት ሲነሳ ወዲያው ዓድዋን ያስባል፤ አንድ የጦር ሜዳ፣ የካቲት 23 ቀን፣ የታወቀ አሸናፊ። ከፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ነፃ ለመውጣት የተዋጋችው አልጄሪያ ላይ ስንደርስም ጥያቄው ያው ነው፤ "ወሳኙ ውጊያ የቱ ነበር?" ወሳኝ ውጊያ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1957 የፈረንሳይ ጦር በዋና ከተማዋ አልጀርስ የነበረውን የነፃነት ግንባር (የታጋዮቹ ድርጅት) መረብ በጣጠሰው። ከአምስት ዓመት በኋላ ግን ለቅቃ የወጣችው ፈረንሳይ ናት። ትምህርቱ እዚህ ላይ ነው፤ ሌላው ሁሉ ለዚህ ማዘጋጃ ነው።

መጀመሪያ የዘመን አቆጣጠሩ ይጥራ። ጦርነቱ የተጀመረው በፈረንጆቹ ኖቬምበር 1 ቀን 1954፣ በእኛ ጥቅምት 22 ቀን 1947 ነው። ነፃነቱ በፈረንጆቹ ጁላይ 5 ቀን 1962፣ በእኛ ሰኔ 28 ቀን 1954። ሁለቱን የሚያደባልቅ ልጅ በ1954 ተጀምሮ በ1954 ያለቀ ጦርነት ደብተሩ ላይ ይጽፋል! ሰሌዳው ላይ ሁለት መስመር አስምሩ፤ ላይኛው የእኛ፣ ታችኛው የፈረንጆቹ፣ እስከ ምዕራፉ መጨረሻ አይጥፋ።

ቀጥሎ የምርጫ ሒሳብ። በ1950ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) አልጄሪያ ውስጥ አንድ ሚሊዮን ያህል አውሮፓዊ ሰፋሪና ወደ 9 ሚሊዮን የሚጠጋ ሙስሊም ነዋሪ ነበር። እ.ኤ.አ. የ1947ቱ ሕግ ግን ከአልጄሪያ ምክር ቤት 120 መቀመጫ 60ውን ለአንደኛው፣ 60ውን ለሌላኛው ወገን መራጮች ሰጠ። ክፍሉ 50 ተማሪ ካለው አምስቱ ሰፋሪ፣ 45ቱ አልጄሪያዊ ይሁኑ፤ ሁለቱም ቡድን እኩል ሦስት ሦስት ተወካይ ይምረጥ። ማብራሪያ ሳያስፈልግ ክፍሉ ይጮኻል። አምስቱ በዕጣ ይውጡ እንጂ በመልክ፣ በብሔር ወይም በሃይማኖት በፍጹም አይመረጡ። "ሙስሊም" የሚለው ምድብ የቅኝ ገዢው ሕግ ያበጀው የመለያያ አጥር እንደነበር አስቀድሞ ይነገር፤ አለዚያ ልጆቹ ነገሩን የሁለት ሃይማኖቶች ጠብ አድርገው ይወስዱታል። እስርና ድብደባ በድራማ አይታይ። ወይ ሳቅ ይሆናል፣ ወይ ዝም ብሎ የተቀመጠውን አንድ ልጅ ይጎዳል።

ከዓድዋ ይልቅ የሚቀርበው ድልድይ የአምስቱ ዓመት አርበኝነት ነው። ጫካ፣ ድብቅ ስንቅ፣ በከተማ የውስጥ አርበኛ፤ ይህን ልጆቹ ከቤት ሰምተውታል። ልዩነቱም ይነገር፦ ፈረንሳይ በአልጄሪያ 132 ዓመት ቆይታለች፣ ሰፋሪዎቹም እዚያው የተወለዱ ነበሩ።

የሟቾች ቁጥር ሲነሳ ከቁጥሩ አጠገብ ተናጋሪው ይጻፍ። የአልጄሪያ መንግሥት 1.5 ሚሊዮን ይላል፤ ብዙ የታሪክ ተመራማሪዎች ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ግምት አላቸው። አንዱን ብቻ ማስጠናት ልጁን ያሳስተዋል።

ከመስቀል አደባባይ ወደ ላይ ሲወጣ በስተቀኝ ያለው የአፍሪካ አዳራሽም ለዚህ ምዕራፍ ይጠቅማል። ነፃነቱ ዓመት ሳይሞላው፣ በእኛ ግንቦት 1955፣ የአልጄሪያው መሪ ቤን ቤላ በአፍሪካ አንድነት ድርጅት ምሥረታ ጉባኤ እዚያ ቆሞ፣ ገና ነፃ ላልወጡት አገሮች ሲባል የተሰበሰቡት መሪዎች መሥዋዕትነት እንዲከፍሉ ጠይቋል።

ለፈተና የምመርጠው ጥያቄ፦ "ፈረንሳይ ከ400,000 በላይ ወታደር እያላት ለምን ለቀቀች?" ቱኒዚያና ሞሮኮ እ.ኤ.አ. በ1956 ነፃ ወጥተው ለታጋዮቹ መጠለያ መሆናቸው፣ የፈረንሳይ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1958 በዚሁ ጦርነት መናወጡ፣ ጉዳዩ በተባበሩት መንግሥታት መነሳቱ፤ ከእነዚህ ሁለቱን ያብራራ ሙሉ ነጥብ ያግኝ። "ጀግኖች ስለነበሩ" ብቻ ለሚል መልስ ግማሽ ይበቃል።