የአንቲ ደብተር

ኦብዋሲ አራት ወር ኖሬያለሁ። ጋና ውስጥ፣ ከኩማሲ ወደ ደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለች የወርቅ ከተማ ናት። የሄድኩት የጉድጓድና የወንዝ ውሃ ናሙና ለሚሰበስብ ቡድን ልሰራ ነው። የካቲት 2025 ገባሁ (ዓመቶቹንም ወሮቹንም ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ከተመለስኩ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ወርቁ ነው። እኔ ግን የዚያች ከተማ ገንዘብ እንዴት እንደሚዞር የገባኝ መንገድ ዳር ኬንኬ ከሚሸጡ አንዲት እናት ነው። ሰፈሩ በሙሉ «አንቲ» ይላቸዋል፤ እኔም አንቲ እላቸዋለሁ።

ኬንኬ የቦካ የበቆሎ ሊጥ ነው። በቅጠል ተጠቅልሎ ይቀቀላል፣ ከዚያ በተጠበሰ ዓሣና በሚያቃጥል በርበሬ ይበላል። ጎምዘዝ ስለሚል እንጀራ በልቶ ያደገ ሰው ቶሎ ይለምደዋል። አንቲ ከሌሊቱ አስር ሰዓት ላይ ድስታቸውን ከፍተው ይቀመጣሉ፤ ወደ ወርቅ ጉድጓድ የሚሄዱት ልጆች በዚያ ሰዓት ነው የሚያልፉት፣ ራሳቸው ላይ ባትሪ አስረው፣ ገና ከእንቅልፋቸው ሳይነቁ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አይከፍሉም። አንቲ ጭናቸው ላይ የምትቀመጥ ዘይት የጠጣች ደብተር አለቻቸው፣ እዚያ ላይ ይጽፋሉ። ስም እንኳን የለም፤ «ረጅሙ»፣ «ባለ ቀይ ኮፍያው»፣ «የታማሌው ልጅ» ነው የሚለው። ታማሌ ሩቅ ሰሜን ነው፤ ከዚያ ድረስ ነው የሚመጡት።

ልጆቹ የሚከፍሉት ወርቅ የወጣ ቀን ነው። ካልወጣ አይከፍሉም። ሁለት ሳምንት ባዶ የቆፈረ ልጅ ሁለት ሳምንት በዱቤ በልቷል ማለት ነው፤ እና ማንም ባንክ አምስት ሳንቲም የማያበድረውን ልጅ አንቲ ያበድሩታል፣ ያለ መያዣ፣ ያለ ወለድ፣ አንዳንዴ ልጁ ሌላ ከተማ ወርቅ ወጣ ሲባል ሰምቶ በዚያው ይቀራል።

«ድሮ እንዲህ አልነበረም» አሉኝ አንድ ቀን። ድሮ ደብተሯ የምትዘጋው በወር አንዴ ነበር፣ ደሞዝ ሲወጣ። ኦብዋሲ ከመቶ ዓመት በላይ የደሞዝተኛ ከተማ ነበረች። እንግሊዞች ኩባንያቸውን ያቋቋሙት በ1897 ነው፤ ባቡሩ ከባህር ዳርቻው ተነስቶ በ1902 ደረሰ፣ ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤቱም ሆስፒታሉም የእግር ኳስ ቡድኑም ማዕድኑ ላይ ተንጠልጥሎ አደገ። በ2014 መጨረሻ የምድር ውስጥ ቁፋሮው ቆመ። ብዙ ሺህ ሰው ተቀነሰ። በታህሳስ 2019 ወርቅ እንደገና ማቅለጥ ተጀመረ፣ ግን አሁን ስራው በማሽን ነው፤ እንደ ድሮው ብዙ እጅ አይፈልግም። በመሃሉ ያደገው ልጅ ምን ይሁን? ጋላምሴ ሆነ።

ጋላምሴ ከእንግሊዝኛ የመጣ ቃል ነው፣ «ሰብስበህ ሽጥ» እንደ ማለት። ፈቃድ የሌለውን ቁፋሮም ቆፋሪውንም እንዲሁ ይሉታል። በጋና ሕግ አነስተኛ ቁፋሮ ለዜጋ ብቻ የተፈቀደ ነው፣ ከ1989 ጀምሮ ፈቃድ ማውጣት ይቻላል፤ ግን ፈቃዱ ጊዜም ገንዘብም ይፈልጋል፣ ልጁ ደግሞ ዛሬ መብላት ይፈልጋል። ከ2000ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ብዙ ቻይናውያን ኤክስካቫተርና ቻንግፋን የሚሉትን የድንጋይ መፍጫ ይዘው መጡ። በ2013 መንግስት በሺዎች የሚቆጠሩትን ከአገር አስወጣ። መፍጫው ግን ቀረ፣ ቀኑን ሙሉ ይጮሃል።

እኔ ከመግባቴ ሳምንታት በፊት፣ ጥር 18 ሌሊት፣ ጋላምሴዎች የትልቁ ማዕድን ግቢ ውስጥ ገቡና ወታደሮች ተኮሱ። ሠራዊቱ ተኩሰውብን ነው አለ፣ 7 ሰው ሞተ ብሎ። የአነስተኛ ቆፋሪዎች ማህበር ደግሞ መሳሪያ አልያዙም፣ የሞቱት 9 ናቸው አለ። አንቲ ስለዚያ ሌሊት አንድም ቃል ተናግረውኝ አያውቁም። ሌሎችም ሲያነሱት ድስታቸውን ማማሰል ይጀምራሉ።

አንድ ቀን «ረጅሙ» ወርቅ ወጣለትና ወደ ገዢው አብሬው ሄድኩ። ሱቁ የስልክ ካርድ ከሚሸጥበት ጎን ያለች ጠባብ ክፍል ነች። ልጁ ከኪሱ የላስቲክ ጥቅልል አወጣ፣ ውስጡ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ግራጫ ነገር አለች። ወርቅ አትመስልም፤ ወርቁን ከአሸዋው ለመያዝ የጨመሩት ሜርኩሪ ገና አልተለያትም። ገዢው ብረት ላይ አስቀመጣትና በጋዝ እሳት ለበለባት። ግራጫው ጠፋ፣ ቢጫው ወጣ። ሜርኩሪው የት ሄደ? ክፍሉ ውስጥ ነው ያለው፣ እኛ የምንተነፍሰው ውስጥ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አፌን ሸፍኛለሁ፤ ልጁ ግን ወርቁ እንዳይቀየርበት አንገቱን አስግጎ እሳቱ ላይ አፍጥጧል። ከዚያ ገዢው ወርቋን በክር አስሮ አንዴ በአየር፣ አንዴ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አንጠልጥሎ መዘናት። ንጽህናዋን የሚያውቁት በልዩነቱ ነው። ገንዘቡ ሲቆጠር የመፍጫው ባለቤት ድርሻ ተነሳ፣ የመሬቱ ተነሳ፣ ናፍጣ የገዛው ሰው ተነሳ፣ የቀረውን ለአምስት ተካፈሉት። ልጁ ከዚያ በቀጥታ የሄደው አንቲ ጋ ነው። ይሄን ሳላይ ብቀር ኖሮ ስለ እነዚህ ልጆች ሌላ ነገር አስብ ነበር።

ግንቦት ላይ ደግሞ ጨርሶ ያልጠበቅኩትን አየሁ። ዜናው ሁሉ ወርቅ በዓለም ገበያ ጣሪያ ነካ ይላል፤ በመጋቢት 1 ወቄት ከ3,000 ዶላር አልፎ ነበር። ልጆቹ ግን ወርቅ ወደቀ ይላሉ። ለካ ሁለቱም ልክ ናቸው። እኔ ስገባ 1 ዶላር ከ15 ሲዲ (የጋና ገንዘብ ነው) በላይ ነበር፣ በግንቦት መጨረሻ 10 ሲዲ ገደማ ደረሰ። የአገሪቱ ገንዘብ ጠነከረ፣ ጥሩ ነው፤ ግን የወርቅ ዋጋ በዶላር ተተምኖ በሲዲ ነው የሚከፈለው፣ ስለዚህ ያችው የሽምብራ ፍሬ የምታስገኘው ሲዲ ቀነሰ። በዚያው ሰሞን አዲሱ የጋና ወርቅ ቦርድ የአነስተኛ ቆፋሪዎችን ወርቅ መግዛትና ወደ ውጭ መላክ የራሱ አደረገ፣ የውጭ ዜጎችም ከአገር ውስጥ ግብይቱ እንዲወጡ ተባለ። በሕገወጥ መንገድ የሚወጣውን ለማስቆም ነው፤ እኔ በሃሳቡ እስማማለሁ። ግን ገዢዎቹ ለሳምንታት ግራ ተጋብተው እጃቸውን ሰበሰቡ። የአንቲ ደብተር በአንድ ወር ውስጥ ሞልታ ሁለተኛ ደብተር ገዙ።

ስለ ውሃው ዝም ማለት አልችልም፣ ስራዬ ነበርና። የኦብዋሲ የወርቅ ድንጋይ አርሴኒክ ያለበት ነው፤ ለአስርት ዓመታት ድንጋዩ ሲጠበስ ጭሱ ሰፈሩ ላይ ሲራገፍ ኖሯል። አሁን ደግሞ ቁፋሮው ወንዞቹን አደፍርሷቸዋል። ፕራ የሚባለውን ወንዝ ያየ ሰው የፈላ ሻይ በወተት ነው የሚመስለው። አንቲ በቤታቸው አጠገብ ጉድጓድ አላቸው፣ አይጠጡትም። የሚቀቅሉበትንም የሚጠጡትንም በላስቲክ የታሸገ ውሃ ነው የሚገዙት፣ ግማሽ ሊትር ግማሽ ሊትር እያሉ፣ በከረጢት። ከኬንኬው ዋጋ ውስጥ ስንቱ ውሃ እንደሆነ አንድ ማታ ቁጭ ብለን አሰላን። አንቲ ቁጥሩን ሲያዩ ደብተሯን ዘጉት።

ልመለስ ሁለት ቀን ሲቀረኝ በእኔ አገርም ወርቅ የሚቆፍሩ ልጆች እንዳሉ ነገርኳቸው። ሻኪሶን፣ አሶሳን፣ ልጆቹ ጭቃ ውስጥ ቆመው በሳፋ ሲያጥቡ፣ ሁሉንም አወራሁላቸው። ሻኪሶ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። በጸጥታ ሰሙኝና፣ «ታዲያ በዱቤ የሚያበላቸው ማነው ልጄ?» አሉኝ።

አስቤ አጣሁት። ሁለቱንም ጊዜ ስሄድ አልጠየቅኩም ነበር።