ሞጁል ከተጻፈ በኋላ ያለው ሥራ

በክፍት ምንጭ የደኅንነት መፈተሻ መሣሪያዎች ዙሪያ ብዙ የሚወራው ስለ አዲስ ሞጁል፣ ማለትም አንድን የደኅንነት ክፍተት ለመፈተሽ ወደ መሣሪያው ስለሚጨመር አነስተኛ ፕሮግራም ነው። አዲስ ተጋላጭነት ይፋ በወጣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሞጁሉን ጽፎ ያቀረበ ሰው ይመሰገናል፤ ያው ሞጁል ከዓመታት በኋላም ትክክለኛ መልስ እንዲሰጥ የሚደክመው ሰው ግን እምብዛም አይነሣም። እኔ ጊዜዬን የማጠፋው በአብዛኛው በዚህ በሁለተኛው ሥራ ላይ ስለሆነ፣ ሥራው ምን እንደሚመስልና ከሞጁሉ ክፍሎች ሁሉ ይልቅ «ቼክ» የሚባለው ለምን አስቀድሞ ሊጠበቅ እንደሚገባው ሜታስፕሎይት በተባለው የደኅንነት መፈተሻ ማዕቀፍ ምሳሌነት ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ሜታስፕሎይትን ኤች. ዲ. ሙር እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀምረው በፐርል የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ነበር። በ2007 የወጣው ሦስተኛው ስሪት በሌላ ቋንቋ፣ በሩቢ፣ እንደገና ተጻፈ፤ በ2009 ደግሞ ራፒድ7 የተባለው ኩባንያ ፕሮጀክቱን ገዛው፤ ማዕቀፉ ግን ዛሬም በቢ.ኤስ.ዲ. ፈቃድ ለሁሉም ክፍት ነው። ይህን ያህል ዕድሜ ባለው ፕሮጀክት ውስጥ አንድ ሞጁል ማንም ሳይነካው ሊበላሽ ይችላል፤ ምክንያቱም የቆመበት መሠረት ይለዋወጣል። ሩቢ 1.9 ሲመጣ እያንዳንዱ የጽሑፍ እሴት ፊደላቱ በባይት የሚወከሉበትን የራሱን ሥርዓት (ኢንኮዲንግ) ይዞ መዞር ጀመረ፤ አንድ ባይት እንኳ ከቦታው እንዳይዛነፍ ለሚጠነቀቅ ኮድ ይህ ትልቅ ለውጥ ስለነበር፣ ብዙዎቹ የማዕቀፉ ፋይሎች ዛሬም የሚጀምሩት ይዘታቸው እንደ ባይነሪ እንዲነበብ በሚያዝ መስመር ነው። በ2021 ኦፕንኤስኤስኤል 3 የተባለው የምስጠራ ላይብረሪ ሲወጣ ደግሞ ኤምዲ4ን የመሰሉ ያረጁ የምስጠራ አልጎሪዝሞች ከመደበኛው አገልግሎት ወጡ። ውሳኔው ለደኅንነት ሲባል ትክክል ነበር፤ ነገር ግን የዊንዶውስ የይለፍ ቃል ኤንቲኤልኤም በተባለው የማንነት ማረጋገጫ ዘዴ የሚሰላው በኤምዲ4 ስለሆነ፣ አልጎሪዝሙን በራሱ በሩቢ ጽፎ መያዝ አስፈለገ።

የሚፈተሸው ኮምፒውተርም እንዲሁ ይለወጣል። ለዚህ ከብሉኪፕ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ማይክሮሶፍት ይህን የዊንዶውስ የርቀት ዴስክቶፕ ክፍተት የሚደፍነውን ፓች (ማስተካከያ) ያወጣው በግንቦት 2019 ነበር፤ የሜታስፕሎይት ሞጁል በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ይፋ ሆነ። በጥቅምት መጨረሻ አካባቢ አጥቂዎችን ለመከታተል ኢንተርኔት ላይ የተተከሉ ማጥመጃ ኮምፒውተሮች በሰማያዊ ስክሪን እየወደቁ መነሣት ጀመሩ። ምክንያቱ ሲመረመር፣ በ2018 ሜልትዳውን ለተባለው የፕሮሰሰር ክፍተት የተለቀቀው ፓች የዊንዶውስ ከርነል (የሥርዓቱ እምብርት) ሜሞሪውን የሚያደራጅበትን መንገድ ስለቀየረ፣ የሞጁሉ ኮድ ያ ፓች ባለበት ማሽን ላይ ሲሠራ ሥርዓቱን እንደሚጥለው ታወቀና ሞጁሉ ተስተካከለ። ከብሉኪፕ ጋር ምንም ዝምድና የሌለው፣ ብሉኪፕንም ያልደፈነ ፓች ሞጁሉን አበላሸው ማለት ነው። ሞጁሉን የሚጠብቅ ሰው የአንድን ተጋላጭነት ታሪክ ብቻ ተከታትሎ የማይዘልቀው ለዚህ ነው።

ይሁንና ጥቃቱን የሚፈጽመው ክፍል ሲበላሽ ፈታሹ ቢያንስ መበላሸቱን ያውቃል፤ ግንኙነቱ አይከፈትም ወይም አገልግሎቱ ይወድቃል። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ቼክ ነው። ቼክ ማለት ሞጁሉ ጥቃቱን ሳይፈጽም ኮምፒውተሩ ተጋላጭ መሆን አለመሆኑን መርምሮ የሚመልስበት ክፍል ሲሆን፣ በሜታስፕሎይት ውስጥ መልሱ ደረጃ አለው፦ ማወቅ አልተቻለም፣ ተጋላጭ አይደለም፣ አገልግሎቱ አለ ነገር ግን ተጋላጭነቱ አልተረጋገጠም፣ ተጋላጭ ይመስላል፣ ተጋላጭ መሆኑ ተረጋግጧል። በእነዚህ መካከል ያለው ልዩነት ፈታሹ ለድርጅቱ በሚያቀርበው ሪፖርት ላይ የሚወስነው ነገር ብዙ ነው።

ደጋግሜ የማገኘው ችግር እንዲህ ያለ ነው። ሞጁሉ ሲጻፍ የአንድን ምርት መግቢያ ገጽ ከፍቶ በርእሱ ላይ የምርቱን ስም ይፈልጋል፤ ስሙን ካገኘ የስሪት ቁጥሩን ያነባል፤ ካላገኘ «ተጋላጭ አይደለም» ይላል። ከሁለት ዓመት በኋላ አምራቹ ክፍተቱን ሳይደፍን የመግቢያ ገጹን ወደ ሌላ አድራሻ ያዛውረዋል፤ አንዳንድ አስተዳዳሪዎችም አሮጌውን ስሪት ከሌላ ሰርቨር ጀርባ አድርገው ያሠሩታል። ቼኩ የሚጠብቀውን ገጽ ስለማያገኝ በልበ ሙሉነት «ተጋላጭ አይደለም» ይላል፤ ፈታሹም ያንኑ ሪፖርቱ ላይ ያሰፍራል፤ ገንዘብና ሰው የሚመድበው ኃላፊ ደግሞ ሪፖርቱን አምኖ ፊቱን ወደ ሌላ ጉዳይ ያዞራል። ገጹ ካልተገኘ ሐቀኛው መልስ «ማወቅ አልተቻለም» ነው። ይህን አንድ ቃል ማስተካከል በኮድ ደረጃ አንድ መስመር ነው፤ ለእኔ ግን ከአዲስ ሞጁል ያላነሰ አስተዋጽኦ ነው።

ስሕተቱ በተቃራኒው አቅጣጫም ይመጣል። ዴቢያን፣ ኡቡንቱና ሬድ ሃት የደኅንነት ማስተካከያን ወደ አሮጌው ስሪት መልሰው ያስገባሉ እንጂ ዋናውን የስሪት ቁጥር አይቀይሩም። ስለዚህ የስሪት ቁጥር ብቻ የሚያነብ ቼክ ከ«ተጋላጭ ይመስላል» በላይ የማለት መብት የለውም። «ተረጋግጧል» ለማለት ክፍተቱ በትክክል የሚያሳየውን ባሕርይ ማየት ያስፈልጋል።

አሮጌ ሞጁሎች ይሰረዙ የሚሉ ሰዎች ያጋጥሙኛል፤ አልስማማም። ኤምኤስ08-067 በ2008 የተደፈነ የዊንዶውስ ክፍተት ነው፤ ዊንዶውስ 7ም ድጋፉ ያበቃው በጥር 2020 ነው። ነገር ግን በምፈትሽባቸው አንዳንድ መሥሪያ ቤቶች አንድ አስፈላጊ ፕሮግራም ከአዲስ ስሪት ጋር ስለማይሠራ ብቻ የቆየ ዊንዶውስ ዛሬም በሥራ ላይ ነው። የክፍተቱ ዕድሜ የሚያበቃው የመጨረሻው ተጋላጭ ማሽን ከሥራ ሲወጣ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ሞጁሉ መኖር፣ መፈተንም አለበት። ለመፈተን ደግሞ ተጋላጩ ሶፍትዌር ያስፈልጋል፤ አምራቾች አሮጌ ስሪቶችን ከድረ ገጻቸው ያነሣሉና፣ በሰነዱ ላይ ተጋላጩን ስሪት እንዴት መጫን እንደሚቻል ያልተገለጸበትን ሞጁል በግማሹ እንደተጻፈ እቆጥረዋለሁ። አንድ ሞጁል ማሽን የሚጥል መሆኑ ከታወቀም የአስተማማኝነት ደረጃው ያለ ማመንታት ዝቅ መደረግ አለበት፤ የብሉኪፕ ሞጁል በእጅ ብቻ እንዲሠራ በሚያዘው ደረጃ ላይ መቀመጡ ተገቢ ነው።

የሰዎች ድካም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ፓወርሼል ኤምፓየር የተባለውን ሌላ ክፍት የመፈተሻ መሣሪያ የሚጠብቁት ሰዎች በ2019 ማቆማቸውን አሳወቁ፤ ቢሲ ሴኪዩሪቲ የተባለው ኩባንያ ቅጂውን ወስዶ ቀጠለበት። በ2023 ክራክማፕኤግዜክ የተባለው መሰል መሣሪያ ሲቆም ኔትኤግዜክ ከእሱ ወጥቶ ቀጠለ። ሁለቱም የቀጠሉት ኮዱ ክፍት ስለነበርና ተረክቦ ለመሥራት የፈቀደ ሰው ስለተገኘ ነው።

ስለዚህ በዚህ ሥራ ለመጀመር ለሚጠይቁኝ ወጣቶች አዲስ ሞጁል ጻፉ አልላቸውም። አንድ የቆየ ሞጁል መርጠው ቼኩን በሦስት ማሽኖች ላይ እንዲያሠሩት እመክራለሁ፤ አንደኛው ተጋላጭ፣ ሁለተኛው የተደፈነ፣ ሦስተኛው ከምርቱ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ሆኖ፣ ሁሉም የራሳቸው ወይም በጽሑፍ የተፈቀደላቸው መሆን አለባቸው፤ ያለ ፈቃድ የሰው ኮምፒውተር መድረስ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስጠይቅ ነው። ብዙውን ጊዜ ስሕተቱ የሚገኘው በሦስተኛው ማሽን ላይ ነው፤ የተገኘውን መልስ፣ የተጠበቀውን መልስና የተሞከረበትን ስሪት ጽፈው ከማስተካከያው ጋር ይላኩ።