የኮምፒውተርን ስም በዲኤንኤስ ላይ ማን ያስመዝግብ?

በቅርቡ አንድ የፋይል ሰርቨር ለገሚሱ ሰው ሲከፈት ለገሚሱ አልከፈት አለ። በአይፒ አድራሻው ፒንግ ሲደረግ (አለህ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ) ወዲያው ይመልሳል፤ በስሙ ሲጠራ ግን አንዴ ይገኛል፣ አንዴ ይጠፋል። ገመዱንና ስዊቹን ስመረምር ግማሽ ቀን ካጠፋሁ በኋላ፣ በመጀመሪያ ማየት የነበረብኝን ዲኤንኤስ (የኮምፒውተርን ስም ወደ አይፒ አድራሻ የሚተረጉመውን መዝገብ) ከፍቼ ስመለከት በአንድ ስም ሁለት አድራሻዎች ተመዝግበው አገኘሁ። አንደኛው ተጠቃሚዎች የሚገቡበት ትክክለኛው አድራሻ ሲሆን፣ ሌላው ለመጠባበቂያ ቅጂ ብቻ ተብሎ የተዘረጋውና ከተጠቃሚዎች በኩል መንገድ የሌለው የሁለተኛው ኔትወርክ ካርድ አድራሻ ነበር። የዲኤንኤስ ሰርቨሩ ሁለቱንም ቅደም ተከተላቸውን እያፈራረቀ ስለሚሰጥ፣ ማን እንደሚደርስና ማን እንደማይደርስ የዕድል ጉዳይ ሆኖ ነበር።

የተሳሳተውን መዝገብ ሰረዝሁና ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። በማግስቱ ተመልሶ መጣ። መዝገቡን የጻፈው ራሱ ሰርቨሩ ነበርና፤ ዊንዶውስ ሌላ ትእዛዝ ካልተሰጠው በስተቀር የእያንዳንዱን ኔትወርክ ካርድ አድራሻ በኮምፒውተሩ ስም ያስመዘግባል፤ ይህንንም ሲነሣ፣ አድራሻው ሲለወጥና በየ24 ሰዓቱ ይደግመዋል። መፍትሔው በሁለተኛው ካርድ የአይፒ ቅንብር ውስጥ፣ በዲኤንኤስ ገጽ ላይ ያለውን «የዚህን ግንኙነት አድራሻ በዲኤንኤስ አስመዝግብ» የሚለውን ምልክት ማንሣትና ከዚያ በኋላ መዝገቡን መሰረዝ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ እንደ እኔ ሁለት ጊዜ መሥራት ይመጣል።

ዲኤንኤስ እ.ኤ.አ. በ1983 ሲነደፍ የዞኑን፣ ማለትም የአንድ ዶሜን ስሞች የሚመዘገቡበትን ክፍል፣ ፋይል የሚያርመው ሰው ነበር። ኮምፒውተሮች ራሳቸው መዝገብ እንዲጨምሩና እንዲሰርዙ የሚፈቅደው ደንብ፣ አርኤፍሲ 2136 የተባለው የኢንተርኔት መመዘኛ ሰነድ፣ የወጣው በ1997 ነው። አሠራሩም ውስብስብ አይደለም፤ ኮምፒውተሩ ስሙንና የዶሜን ቅጥያውን አገጣጥሞ ሙሉ ስሙን ይሠራል፣ ያን ስም የያዘው ዞን ዋና ሰርቨር የትኛው እንደሆነ ጠይቆ ይረዳል፣ ከዚያም የማሻሻያ ጥያቄውን በቀጥታ ወደዚያ ሰርቨር ይልካል። ስለዚህ ቅጥያው ከተሳሳተ ጥያቄው የሚሄደው ወደ ሌላ ዞን ነው። በውስጥ ኔትወርክ ብቻ ለሚሠሩ የግል አድራሻዎች የተገላቢጦሽ ዞን (ከአድራሻ ወደ ስም የሚመልሰው) በውስጥ ካልተዘጋጀ ደግሞ ጥያቄው ከቤት ወጥቶ ኢንተርኔት ላይ ይደርሳል። እንዲህ ያለውን የባዘነ ጥያቄ ተቀብለው እንዲያስቀሩ የተመደቡ ሰርቨሮች አሉ፤ የአንዱ ስም በእንግሊዝኛ «እስረኛ» ማለት መሆኑ ሁልጊዜ ፈገግ ያሰኘኛል።

ዋናው ውሳኔ ግን ምልክቶቹን ከመነካካት በፊት የሚመጣ ነው፤ ስሙን የሚያስመዘግበው ኮምፒውተሩ ራሱ ነው ወይስ አድራሻውን የሰጠው ዲኤችሲፒ ሰርቨር? በዊንዶውስ ልማድ ሥራው ለሁለት ይከፈላል፤ ከስም ወደ አድራሻ የሚወስደውን መዝገብ ኮምፒውተሩ ይጽፋል፣ ከአድራሻ ወደ ስም የሚመልሰውን ዲኤችሲፒ ይጽፋል። እኔ ይህን ክፍፍል አልወደውም። አድራሻቸው ለሚለዋወጥ ላፕቶፖችና ፕሪንተሮች ሁለቱንም መዝገብ ዲኤችሲፒ ቢጽፍ፣ ኪራዩ (አድራሻው የተሰጠበት ጊዜ) ሲያበቃም ሁለቱንም ቢሰርዝ ይሻላል፤ ቋሚ አድራሻ ያላቸው ሰርቨሮች ደግሞ ወይ ራሳቸው ያስመዝግቡ ወይ በእጅ ይጻፉ።

ይህ ምርጫ የራሱ ወጥመድ አለው። በአክቲቭ ዳይሬክተሪ (የዊንዶውስ ኔትወርክ የተጠቃሚዎችና የኮምፒውተሮች ማውጫ) ውስጥ ያለ ዞን ደኅንነቱ የተጠበቀ፣ ማለትም የላኪው ማንነት የተረጋገጠ፣ ማሻሻያ ብቻ እንዲቀበል ሲደረግ፣ መዝገቡ የመጀመሪያ ጸሐፊው ንብረት ይሆናል። አንዱ ዲኤችሲፒ ሰርቨር የጻፈውን ሌላው ሊያርመው ስለማይችል፣ የመጀመሪያው የተበላሸ ዕለት መዝገቦቹ ባሉበት ደርቀው ይቀራሉ። ለዚህ የሚረዳው ሌላ ሥልጣን የሌለው አንድ የተለየ አካውንት ከፍቶ ሁሉም ዲኤችሲፒ ሰርቨሮች በእርሱ ስም እንዲጽፉ ማድረግ ነው። ባለቤትነት የሌለው መዝገብ የሚፈጥር ቡድን ውስጥ ሰርቨሮቹን ማስገባትም ይቻላል፤ ነገር ግን ያ መዝገብ ቀድሞ ለደረሰ ሁሉ ክፍት ስለሚሆን አልመክረውም።

ባይንድ የተባለውን የዲኤንኤስ ሰርቨር ሶፍትዌር ለሚጠቀሙ ጥያቄው ያው ሆኖ መልኩ ይለያል። ማሻሻያን በላኪው አይፒ አድራሻ ብቻ መፍቀድ ቀላል ነው፤ ነገር ግን የላኪ አድራሻ ሊጭበረበር ስለሚችል በምስጢር ቁልፍ የተፈረመ ጥያቄ ብቻ መቀበል፣ ቁልፉም የትኛውን ስም መለወጥ እንደሚችል በፖሊሲ መገደብ ይገባል። ፊርማው ሰዓት ይይዛል፤ የሁለቱ ማሽኖች ሰዓት ከተለመደው የ300 ሰከንድ ወሰን በላይ ከተራራቀ ቁልፉ ትክክል ሆኖ ሳለ ጥያቄው ውድቅ ይሆናል። እንዲህ የሚሻሻለውን የዞን ፋይል ሰርቨሩ እየሠራ ሳለ በእጅ ማረም ደግሞ ለውጦቹ ከተከማቹበት የጆርናል ፋይል ጋር ያጋጫል፤ ዞኑን አስቀድሞ «አቀዝቅዞ»፣ አርሞ፣ መልሶ «ማቅለጥ» ያስፈልጋል።

የሚመዘገበው ሲበዛ ያረጀውን ማጽዳት ግድ ይሆናል። በዊንዶውስ ዲኤንኤስ ይህ ማጽጃ የሚሠራው በዞኑም በሰርቨሩም ላይ ሲበራ ብቻ ነው፤ ብዙ ጊዜ አንዱ ይረሳል። የተለመደው ቅንብር 7 ቀን መዝገቡ የማይታደስበት፣ ቀጥሎ 7 ቀን የሚታደስበት ጊዜ ነው፤ ስለዚህ አንድ መዝገብ ቢያንስ 14 ቀን ይቆያል። ዲኤችሲፒ አድራሻ የሚያከራየው ለጥቂት ሰዓታት ከሆነና የጠፋውን ኮምፒውተር መዝገብ የሚሰርዝ ከሌለ፣ በነዚያ ቀናት አንድ አድራሻ የብዙ ኮምፒውተሮችን ስም ተሸክሞ ይገኛል። በእጅ የተጻፉ መዝገቦች የጊዜ ማኅተም (መቼ እንደተመዘገቡ ወይም እንደታደሱ የሚያሳይ) ስለሌላቸው ማጽጃው አይነካቸውም። በዞኑ ውስጥ ላለው ሁሉ ማኅተም የሚሰጠው ትእዛዝ ግን ለእነርሱም ጭምር ይሰጣቸዋል፤ የሚያድሳቸው ስለሌለም ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ በአንድ ይጠፋሉ። ማጽጃውን ከማብራቴ በፊት የሰርቨሮቹን መዝገቦች በዝርዝር እያየሁ የማኅተሙን ዓምድ የማረጋግጠው ለዚህ ነው።