እትዬ፣ ውሻውን ይዘሽ ክላስ ግቢ

ይህን የምጽፈው ለታላቅ እህቴ ነው። ውሻሽን ማሠልጠኛ ክላስ አስገቢው ብዬ በስልክ ሳነሳባት «እሺ እናያለን» ብላ ወሬ ትቀይራለች፣ ስለዚህ እዚህ ላይ ጻፍኩት። በልጆች ውትወታ ውሻ ቤት አስገብታችሁ አሁን ግራ የገባችሁ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ሐበሾችም ጥቂት አይደላችሁምና እናንተም አንብቡት።

እትዬ፣ ውሻሽ ጀርመን ሼፐርድ ነው። ገና ስምንት ወሩ ነው። ወንዱ አድጎ ሲጨርስ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ይመዝናል። አሁን እንኳ ከሌሊት ሥራ ገብተሽ፣ ጫማሽን ሳታወልቂ ይዘሽው ስትወርጂ፣ አንዲት ስኩዊረል ባየ ቁጥር ትከሻሽን ሊነቅለው ይደርሳል። በረዶ በጣለ ቀን ምን እንደምትሆኚ ሳስበው እፈራለሁ።

«ውሻ ደግሞ ትምህርት ቤት ይገባል እንዴ?» ትዪኛለሽ። ይገባኛል። አዲስ አበባ ያሳደግነው ውሻ ውሎ አዳሩ ግቢ ነበር። ሥራው በር መጠበቅና ማታ መጮህ ነው፣ ለዚህ ደግሞ አስተማሪ አያሻውም። እንግዳ ላይ ዘሎ አይወጣም፣ ሳሎን የሚያስገባው የለማ። ገመድ አይጎትትም፣ ገመድ አስሮ የሚያንሸራሽረው ሰው አልነበረም። ያንቺው ግን ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት ውስጥ ነው የሚኖረው። ከማያውቀው ሰውና ከሕፃን ጋሪ ጋር አንድ ሊፍት ውስጥ ይቆማል፣ ኮሪደር ላይ ከሌላ ውሻ ጋር ይፋጠጣል፣ በር ሲንኳኳ ዝም እንዲል ይጠበቅበታል። እንዲህ ያለውን ኑሮ የትኛውም ውሻ ከእናቱ ሆድ ይዞት አይወጣም።

ደግሞ ክላሱ በዋናነት የሚያስተምረው አንቺን ነው። ውሻውማ አሁንም እየተማረ ነው። ይጎትታል፣ ትከተይዋለሽ፣ ዛፉ ጋ ደርሶ ያሸታል፤ መጎተት እንደሚያዋጣው በየጠዋቱ ያረጋግጣል። ክላስ ውስጥ የሚያሳዩሽ ይህን ነው፦ ገመዱ ሲወጠር ትቆሚያለሽ። አትጎትቺም፣ አትጮሂም፣ ዝም ብለሽ ትቆሚያለሽ። ግራ ገብቶት ዞር ብሎ ያይሻል ወይም አንድ እርምጃ ይመለሳል፣ ገመዱም ይላላል። ልክ በዚያች ቅጽበት «ጎበዝ!» ትዪውና የአተር ፍሬ የምታህል የዶሮ ሥጋ ጎንሽ ላይ አጉርሰሽው ጉዞ ትቀጥያለሽ። መጀመሪያ አካባቢ ከበሩ እስከ መኪና ማቆሚያው መድረስ ራሱ ዘላለም ይመስላል፣ ግን ይሠራል፣ ምክንያቱም ውሻው የሚፈልገውን ዛፍ የሚያገኘው ገመዱ ላላ ሲል ብቻ መሆኑ ይገባዋል።

ችግሩ ያለው ሽልማቱን የምትሰጪበት ቅጽበት ላይ ነው። ተቀመጥ ብለሽው ተቀመጠ እንበል፣ አንቺ ኪስሽን ስትፈትሺ እሱ ተነሳ፣ ያኔ ሥጋውን ሰጠሽው፤ የሸለምሽው መነሳቱን ነው። ይህን ዩቲዩብ ላይ ልታዪው ትችያለሽ። ዩቲዩብ ግን ያንቺን እጅ አያይልሽም። አጠገብሽ ቆማ «አሁን! ዘገየሽ፣ ድገሚው» የምትልሽ ሰው ያስፈልግሻል።

(ሥጋው ቅቅል ይሁን፣ ከወጥ ላይ አንስተሽ እንዳትሰጪው አደራ። ቀይም ሆነ ነጭ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው፣ ቀይ የደም ሴሎቹን ያፈርሳል። የበሰለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ለልጆቹ ንገሪያቸው።)

እኔ እንደሚመስለኝ ግን እውነተኛው ምክንያትሽ ሰው ፊት ያሳፍረኛል የሚለው ነው። እትዬ፣ እዚያ የሚመጣው ሁሉ የማይታዘዝ ውሻ ስላለው ነው የሚመጣው። አንዱ ይጮሃል፣ አንዱ ወንበር ሥር ይደበቃል፣ አንዱ ወለሉ ላይ ይሸናል። ጥሩ አሠልጣኝ የሚጮኸውን ውሻ ራቅ አድርጋ ታስቀምጠዋለች ወይም መሃል ላይ መከለያ ታቆማለች፣ ማንም ዞር ብሎ አያይሽም፣ ሁሉም የራሱን ይዞ ይታገላል። ብዙ ቦታ የመጀመሪያው ቀን ውሻ ሳይመጣ ለባለቤቶቹ ብቻ ነው። እንግሊዝኛሽም አያሳስብሽ፣ በአማርኛ እዘዢው፣ ለእሱ ልዩነት የለውም። ቤቱ ግን አንድ ቃል ላይ ይስማማ። አሁን አንቺ «ና» ትዪዋለሽ፣ ትልቁ ልጅ ያፏጭለታል፣ ትንሹ በእንግሊዝኛ ይጣራል፣ ከዚያ «አይሰማም» ትላላችሁ።

ጊዜና ገንዘብ የለኝም ላልሽው፣ የቡድን ክላስ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት አንድ ሰዓት ሆኖ ለስድስት ሳምንት ነው። ዋጋው ከ150 እስከ 250 ዶላር አካባቢ ነው። ቤት ውስጥ የሚለማመደው ቡናው እስኪፈላ ድረስ ያለችውን አምስት ደቂቃ ነው፣ ከዚያ በላይ ይሰለቻል። ገንዘቡ ትንሽ ነው አልልሽም፣ የምታመጪውን አውቃለሁ። ግን ከ2014 ጀምሮ በሜሪላንድ ሕግ ውሻሽ ሰው ላይ ጉዳት ካደረሰ አደገኛ መሆኑን ታውቂ ነበር ወይም ማወቅ ነበረብሽ ተብሎ ነው የሚገመተው፣ አላውቅም ነበር የምትዪ ከሆነ ማስረዳቱ ያንቺ ድርሻ ነው። መንከስ ብቻ አይደለም፣ ለጨዋታ ዘሎ አንዲት አሮጊት ቢጥልም ጉዳት ነው። ብዙ አከራዮች ደግሞ ጀርመን ሼፐርድ ሲባሉ ገና ፊታቸው ይቀየራል። የውሻ ዝርያ መዝጋቢው አሜሪካን ኬነል ክለብ ከ1989 ጀምሮ የሚሰጠው ለጨዋ ውሻ የሚሆን የአሥር ነጥብ ፈተና አለ፤ እንግዳ ሲቀርበው መረጋጋት፣ ሰው መሃል መሄድ፣ ሲጠሩት መምጣት እና የመሳሰሉት። ፈተናውን ያለፈበትን ወረቀት ማሳየት አንዳንዱ አከራይ ጋ ይረዳል።

አሠልጣኝ ስትመርጪ ግን ዓይንሽን ክፈቺ። በዚህ አገር ውሻ ለማሠልጠን ፈቃድ አይጠየቅም፣ የፈለገ ሰው ነገ ተነስቶ አሠልጣኝ ነኝ ማለት ይችላል። «ውሻው ሲሳሳት ምን ታደርጋለህ?» ብለሽ ጠይቂ። መልሱ በኤሌክትሪክ የሚነዝር ወይም የብረት ጥርስ ያለው የአንገት ማሰሪያ ከሆነ ተይው። የአሜሪካ የእንስሳት ባሕርይ ሐኪሞች ማኅበር በ2021 ባወጣው አቋም ለሁሉም ውሻ የሚመክረው በሽልማት ማሠልጠንን ነው። በፍርሃት የታዘዘ ውሻ ማጉረምረም ያቆማል እንጂ ፍርሃቱ አይለቀውም፣ ሳያስጠነቅቅ የሚነክስ ውሻ አንዳንዴ እንዲህ ነው የሚመጣው።

አልፎበታል አትበይ። እርግጥ ቡችላ ከዓለም ጋር በቀላሉ የሚለማመደው ከሦስተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ሳምንት ገደማ ባለው ጊዜ ነው፣ ያ አልፏል። መታዘዝ ግን በማንኛውም ዕድሜ ይማራል። አሁን ያለበት ጉርምስና ነው፣ ሰው ውሻ አሳድጎ መጠለያ የሚያስረክበውም አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ዕድሜው ነው። ልጆችሽ ያንን ቀን እንዲያዩት አልፈልግም፣ አንቺም እንደማትፈልጊ አውቃለሁ።

እማዬ ደግሞ በክረምት ትመጣለች። ውሻ እንደምትፈራ ታውቂያለሽ። እሑድ ማለዳ ነጠላዋን ለብሳ ለቤተ ክርስቲያን ስትነሳ ዘሎ በመዳፉ ቢነካት ቀኑን ሙሉ ምን እንደሚሰማት እኔ አልነግርሽም። የተቀመጠ ውሻ መዝለል አይችልም። በር ሲንኳኳ ምንጣፉ ላይ ሄዶ መቀመጥን አሁን ከጀመራችሁ፣ በየቀኑ ልጆቹ ራሳቸው እየወጡ እያንኳኩ፣ ሲቀመጥ ብቻ በሩ እየተከፈተለት፣ ሲነሳ እየተዘጋ፣ እሷ እስክትመጣ ይደርሳል።

ቅዳሜ ሥራ የለሽም። እኔ እነዳለሁ። ውሻውን ከልጆቹ ጋር ትተነው ሄደን አንድ ክላስ ቁጭ ብለን እንይ፣ ደውዬ ጠይቄያለሁ፣ ይፈቀዳል። የእብድ ውሻ ክትባቱን ወረቀት ግን ዛሬ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ ለመመዝገብ ይጠይቃሉ።