ጠላ በሃይድሮሜትር ልትለኩ ከሆነ፣ ወረቀቱን አትመኑት

በሃይድሮሜትር፣ ማለትም ፈሳሽ ውስጥ በሚንሳፈፍ የመስታወት መለኪያ፣ የአልኮል መጠን ለመለካት የሚሰጠው ምክር ሁሌም አንድ ነው። ከመብላላቱ በፊት ግራቪቲውን (ፈሳሹ ከውሃ ጋር ሲነጻጸር ያለውን ክብደት፤ ውሃ 1.000 ነው) ለካ፣ ሲያልቅ ድገም፣ ልዩነቱን በ131.25 አባዛ። ሃይድሮሜትሩ ካርቶን ውስጥ ያለው ወረቀትም ይህንኑ ይላል። ለገብስ ቢራ ልክ ነው። 1.050 ላይ ጀምሮ 1.012 ላይ ካቆመ 5% ገደማ ነው፣ በቃ። ለጠላ ግን አይሠራም። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ስንት ንዴት በቀረልኝ።

የገባሁበት በክርክር ነው። አጎቴ "ፊልተር ጠላ ከጠርሙስ ቢራ ይበልጣል" ይላል፣ እኔ ደግሞ ቁጥር ካላየሁ አላምንም።

መበሳጨት የጀመርኩት ከሱቁ ነው። ሻጩ "ይሄ ቀጥታ አልኮሉን ይነግርሃል" ብሎ የአረቄ መለኪያ ሸጠልኝ። ያ ዕቃ የሚሠራው ውሃና አልኮል ብቻ ባለበት ነው። ጠላ ውስጥ ስኳሩም ሌላውም የሟሟ ነገር ስላለ ዜሮው ራሱ ከፈሳሹ በላይ ወጥቶ ተንሳፈፈ። ልመልስ ስሄድ "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" የሚለውን ጽሑፍ በጣቱ አሳየኝ። እናንተ የምትፈልጉት ቁጥሩ ከ0.990 ተነስቶ 1.100ን የሚያልፈውን ነው።

ትክክለኛውን ካገኘሁ በኋላ ዋናው ጣጣ መጣ። "ከመብላላቱ በፊት" የሚባለው መቼ ነው? ቢራ ጠማቂ ብቅሉን በሙቅ ውሃ ዘፍዝፎ ስታርቹን መጀመሪያ ወደ ስኳር ይለውጣል፣ ያጠልለዋል፣ እርሾ የሚጨምረው ከዚያ በኋላ ነው። ስኳሩ በሙሉ በመጀመሪያው ቀን እዚያው አለ። ጠላ እንዲህ አይደለም። ጥንስሱ ላይ ጌሾና ጥቂት ብቅል ነው ያለው። ቂጣው ይመጣል፣ እንኩሮው ይከተላል፣ በመጨረሻ ውሃ ይሞላበታል። ብቅሉ ስታርቹን ወደ ስኳር እየለወጠ፣ እርሾው በዚያው ጋን ውስጥ ስኳሩን እየበላ ነው የሚሄደው። መነሻ የሚባል ንባብ የለም።

እኔ ግን ወረቀቱን አምኜ ጥንስሱን ለካሁ፤ 1.012። የተጠለለው ጠላ 1.008 ሆነ። ሲሰላ ግማሽ ፐርሰንት! አጎቴ በሁለት ጣሳ የሚዘፍንበትን ጠላ ለስላሳ መጠጥ አደረገው። ድፍድፉ ላይ ልሞክር ስል ደግሞ መለኪያው ገንፎ ላይ እንደተተከለ ማንኪያ ቀጥ ብሎ ቆመ። እማዬ ከበር ላይ ሆና "አንተ ልጅ፣ ጠላ በመስታወት ይለካል እንዴ? ቅመሰው እንጂ!" አለችኝ። ለጊዜው መልስ አልነበረኝም።

የሚሠራው መንገድ መነሻውን ጨርሶ አይፈልግም። አልኮል ከውሃ ይቀላል፤ ስለዚህ ከጠላው አልኮሉን ብታስወጡት ግራቪቲው ከፍ ይላል። ከፍ ያለበት መጠን አልኮሉን ይነግራችኋል።

አደራረጉ እንዲህ ነው። ጠላውን በንጹህ ነጠላ ጨርቅ አጥልሉት። ጋዙ እስኪወጣ ከብርጭቆ ወደ ብርጭቆ ደጋግማችሁ አገላብጡት፤ አረፋ መለኪያው ላይ ከተለጠፈ ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ቁጥሩ ይዋሻል። በ20 ዲግሪ ለኩ። ከዚያ ልክ ግማሽ ሊትር ለክታችሁ ግማሽ እስኪቀር በዝግታ አፍሉት። መስኮት ክፈቱ፤ የአልኮል ተን እሳት ይይዛል። ሲቀዘቅዝ ውሃ ጨምራችሁ እንደገና ልክ ግማሽ ሊትር አድርጉት። አማስሉና ያንኑ 20 ዲግሪ ጠብቃችሁ ለኩ።

የእኔው 1.008 የነበረው 1.014 ሆነ። ልዩነቱ 0.006፣ ማለትም 6 ነጥብ ነው። በ0.7 ሲባዛ 4% ገደማ ይመጣል። 3 ነጥብ ቢሆን 2%፣ 7 ነጥብ ቢሆን 5% አካባቢ ነው።

ውሃውን "በዓይኔ ይበቃል" ብላችሁ አትሙሉት፤ መልሱ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሌላም አለ። የብዙዎቹ ሃይድሮሜትሮች መስመር በ0.002 የተከፋፈለ ነው። አንድ መስመር ከሳታችሁ አንድ ተኩል ፐርሰንት ያህል ሳታችሁ ማለት ነው። ስለዚህ "ጠላዬ 4.2% ነው" የሚላችሁን አትመኑት፣ እኔንም ጭምር። "4 አካባቢ" ማለት ይበቃል። ከቻላችሁ ጠባብ ስፋት ያለውን፣ በ0.001 የተከፋፈለውን ግዙ።

ለጠጅ ግን የወረቀቱ ምክር ይሠራል፤ ማሩ ከመጀመሪያው አለና። አንድ እጅ ማር በሦስት እጅ ውሃ ከሆነ 1.100 አካባቢ ይነበባል። በደንብ በጥብጡት ብቻ፤ ማሩ ሥር ከተኛ ከላይ የምትቀዱት ውሃ ነው። መሃል ላይ ማር ወይም ውሃ ከጨመራችሁ ደግሞ ያው ወደ ማፍላቱ ተመለሱ።