«ለምን?» ስንል ምን እየጠየቅን ነው?

አምና አንድ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ባዶ የሒሳብ ፈተና ወረቀት አስረከበኝ። ባዶ ስል ባዶ ነው። ስሙን በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ጽፏል፣ ከስሙ ሥር አስምሯል፣ ከዚያ በኋላ እርሳሱ ወረቀቱን አልነካም። ሦስተኛ ጊዜው ነበር። አስጠርቼ «ለምን ባዶ ትሰጠኛለህ?» አልኩት። መሬት መሬት እያየ ዝም። «እየጠየቅሁህ ነው፣ ለምን?» አሁንም ዝም። አስጠንቅቄ ሸኘሁት።

ጎንደር ውስጥ ሒሳብ ሳስተምር አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። በነዚህ ዓመታት «ለምን» ያላልኩበት ቀን የለም። መልሱን ፈልጌ የጠየቅሁት ግን በጣም ጥቂቱን ነው። እኛ ዘንድ «ለምን» ቁጣ ሆኗል። «ለምን አመሸህ?» የሚል አባት መልስ አይጠብቅም፤ ልጁ አፉን ከከፈተማ «ደግሞ ይመልስልኛል!» ይባላል።

ከዚህ ቃል ጋር እንደገና ያስተዋወቀኝ አንድ የቪየና ሐኪም ነው፣ አልፍሬድ አድለር። በክረምት ትምህርት ላይ የምክር አገልግሎት የሚል ኮርስ ስወስድ ነው ስሙን የሰማሁት። መምህራችን የሥነ ልቦና ትንተና መሥራች የሆነውን ፍሮይድን ሁለት ቀን አስተማሩንና አድለርን በግማሽ ሰዓት አለፉት። እኔ ግን እዚያ ግማሽ ሰዓት ላይ ቀረሁ።

አድለር የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1870 ቪየና አጠገብ ነው። ልጅ ሆኖ ሪኬትስ የሚባል አጥንት የሚያለሰልስ በሽታ ስለነበረበት እንደ ልብ አይሮጥም። ከሚያስታውሳቸው የመጀመሪያ ነገሮች አንዱ በፋሻ ተጠቅልሎ ተቀምጦ ታላቅ ወንድሙ ሲሯሯጥ ማየቱ ነው። ታናሽ ወንድሙ አብረው በሚተኙበት ክፍል ሞተ። እሱ ራሱ ሳንባ ምች ይዞት ሐኪሙ «ልጁ አይተርፍም» ሲል በጆሮው ሰምቷል። ተረፈ፣ ሐኪም ልሁን አለ፣ ሆነም። በ1902 ፍሮይድ ቤት በየረቡዕ የሚሰበሰበውን የውይይት ማኅበር ተቀላቀለ፤ በ1911 ተለያዩ። ስለ ጠባቸው ብዙ ተጽፏል፣ እኔን የሚስበኝ የተለያዩበት ሐሳብ ነው። በአጭሩ ፍሮይድ የሰውን ባሕርይ ከኋላ የሚገፋውን ነገር ሲፈልግ፣ አድለር ከፊት የሚስበውን ፈለገ። ሰው ሳያውቀውም ቢሆን ወደ አንድ ግብ እየሄደ ነው፤ ግቡን ካላወቅህ አካሄዱ አይገባህም ነው የሚለው።

እዚህ ላይ አማርኛችንን ልብ በሉልኝ። «ለምን» ማለት «ለ» እና «ምን» ነው። ለምን ጉዳይ? ለምን ጥቅም? ምክንያቱን ስንፈልግ «ምን ሆኖ ነው?» እንላለን፣ እሱ ወደ ኋላ ያያል። «ለምን» ግን ወደ ፊት ነው የሚያየው። አድለር አንድ ሙሉ የሥነ ልቦና ዘርፍ ያቆመበት ጥያቄ በየቀኑ ከአፋችን ይወጣል፣ እኛ ግን ልጅ ለመገሠጽ ብቻ እንጠቀምበታለን። ይህ ያንገበግበኛል።

አድለር ለዘርፉ የሰጠው ስምም ያሳስታል። «ግለሰባዊ ሥነ ልቦና» ሲባል ሰው ለብቻው፣ ከሌላው ተነጥሎ የሚታይበት ይመስላል። «ግለሰባዊ» ብለን የተረጐምነው የፈረንጁ ቃል ግን ከላቲን የመጣ ነው፤ «የማይከፋፈል» ማለት ነው። አድለር ሰውን ስሜት፣ ሐሳብ፣ ሥጋ እያሉ መበለት አይቻልም፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚሄደው ለማለት ነው ይህን ስም የመረጠው። ደግሞም ሰውን ከሰው ነጥሎ አያይም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የሠራዊት ሐኪም ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አብዝቶ የተናገረው ሰው ለሰው ስላለው ስሜት፣ የብዙዎች አካል መሆኔን አውቄ ድርሻዬን ላበርክት ስለሚል ልብ ነው። የአእምሮ ጤናንም የለካው በዚሁ ነው። እድርና ሰንበቴ ባለበት አገር ላደገ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም። ያለፉትን ዓመታት እዚህ ከተማ ላሳለፈ ደግሞ ለምን ከጦርነት በኋላ ይህን እንዳነሣ ማስረዳት አያስፈልግም።

ወደ ልጁ ልመለስ።

አንድ ቅዳሜ ነጭ ሽንኩርት ልገዛ ገበያ ወረድኩ። ልጁን አክስቱ መደብ ላይ አገኘሁት። ከደምቢያ ገጠር መጥቶ እሳቸው ጋር ነው የሚኖረው። አላየኝም። አንዲት ሴት ኪሎ ከሩብ ቀይ ሽንኩርት አስመዘኑ፣ ኪሎው 80 ብር ነው፤ ሚዛኑ ገና ሳይረጋጋ «መቶ» አለ። ከኋላቸው ያሉት ሦስት ሩብ ፈለጉ። «ስልሳ»። ሌላው 200 ብር ዘረጋ፣ መልሱን ሳያስብ ቆጥሮ ሰጠው። ያ ባዶ የተመለሰልኝ ፈተና የክፍልፋይ ፈተና ነበር።

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ልጁ ክፍልፋይ ይችላል። ታዲያ ባዶው ወረቀት ለምንድነው? ለ፣ ምን?

የአድለር ተማሪ የነበረው ሩዶልፍ ድራይከርስ፣ ኋላ ቺካጎ ሄዶ ብዙ የሠራ ሰው ነው፣ የሚያስቸግር ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ከአራት ነገሮች አንዱን እየፈለገ ነው ይላል፦ እዩኝ ማለት፣ ጉልበት ማሳየት፣ የተጎዳበትን መበቀል፣ ወይም «አልችልም፣ ተዉኝ» ብሎ መሸሽ። የወደድኩለት የሚለይበትን መንገድ ነው። ልጁን ሳይሆን መጀመሪያ ራስህን እይ ነው የሚለው። ልጁ ካሰለቸህ መታየት ፈልጓል። ከተፎካከረህና «ማን መሆኑን አሳየዋለሁ» ካልክ ጉልበት ነው። ልብህን ካሳመመህ በቀል ነው። ተስፋ ከቆረጥክበት ደግሞ እሱም ተስፋ ቆርጧል፣ አንተም እንድትቆርጥለት ይፈልጋል። እኔ እዚህ ልጅ ላይ ተስፋ ቆርጬ ነበር። አክስቱም «መምህር፣ እሱ እንኳ ለትምህርት አልተፈጠረም» ብለውኛል። ሁላችንም የፈለገውን ሰጥተነዋል።

ሰኞ ከክፍል በኋላ ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ስለ ፈተናው አላነሣሁም። አድለር ታካሚዎቹን የሚጠይቃት አንዲት ጥያቄ ነበረች፤ ይህ ችግር ባይኖርብህ ምን ታደርግ ነበር? መልሱ ሰውየው የሸሸውን ነገር ያመለክታል። እኔም «ሒሳብ የምትችል ብትሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር?» አልኩት። ብዙ ቆየ። ድንጋይ አንሥቶ መሬቱን ይጭራል። ከዚያ «ያው ከወንድሜ ጋር ነዋ፣ ቲቸር» አለ። ታላቅ ወንድሙ እዚያው ትምህርት ቤት አንደኛ እየወጣ ያለፈ፣ አሁን ዩኒቨርሲቲ ያለ ልጅ ነው። እኔው ነኝ ያስተማርኩት። ሞክሮ 6 ቢያመጣ ከወንድሙ 10 ያነሰ ነው። ባዶ ወረቀት ግን ከምንም ጋር አይወዳደርም። ገበያ ላይ ነፃ የሆነውም ለዚህ ነው፤ ወንድሙ ሽንኩርት ሸጦ አያውቅም።

ቀጥዬ የሚያስታውሰውን የመጀመሪያ ነገር ጠየቅሁት። ይህም ከአድለር ነው። የልጅነት ትዝታን የሚጠይቀው የሆነውን ለማወቅ አይደለም፤ ሰውየው ከሺህ ነገር ይህን አንዱን መርጦ የያዘው ዛሬ ስለሚጠቅመው ነው ይላል። ራሱ አድለር ትንሽ ልጅ ሳለ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ በመቃብር ቦታ እያለፈ ይፈራ እንደነበር፣ ፍርሃቱን ለማሸነፍ መቃብሩን ደጋግሞ በሩጫ እንዳቋረጠው ያስታውስ ነበር። ካደገ በኋላ አንድ የድሮ ጓደኛውን ሲጠይቀው በዚያ መንገድ መቃብር የሚባል ነገር ኖሮ አያውቅም። ትዝታው ግን እውነት ነው፣ የሰውየውን መንገድ ይናገራል።

የኔ ልጅ ትዝታ ውኃ ነው። ከምንጭ ትንሽ ጀሪካን ተሸክሞ ሲመጣ እንግዳ በተቀመጠበት ደጃፍ ላይ ደፋው። ሳቁበት። ወንድሙ መጥቶ ጀሪካኑን ከእጁ ወሰደና ሞልቶ አመጣው፤ አባታቸውም «እንዲህ ነው እንጂ!» አሉ። «ከዚያስ?» አልኩት። «ከዚያ አልቀዳሁም» አለኝ።

አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ። የመጀመሪያ ቀን ክፍል ሲገባ ስሙን አይቼ «የእገሌ ወንድም ነህ? እንግዲህ እንዳታሳፍረው» ያልኩት እኔ ነኝ። ማበርታቴ መስሎኝ ነበር። ጀሪካኑን ከእጁ የወሰድኩበት ሁለተኛው ሰው ነኝ።

የልደት ቅደም ተከተልን ብዙ ሰው ከአድለር ጋር አያይዞ ያውቃል፤ በኩር እንዲህ ነው፣ መካከለኛ እንዲያ ነው፣ የመጨረሻው ቅምጥል ነው የሚሉ ጽሑፎች ፌስቡክ ላይ ሞልተዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። በቅርብ ዓመታት የወጡ ሰፋፊ ጥናቶችም የልደት ተራ ባሕርይን እምብዛም እንደማይወስን አሳይተዋል። ለነገሩ አድለርም ዋናው ቁጥሩ ሳይሆን ልጁ ቦታውን የተረዳበት መንገድ ነው ብሏል። ሁለተኛ ልጅ ሁሉ ባዶ ወረቀት አይሰጥም።

ሌላም የማልቀበለው አለ። አድለርና ባልደረቦቹ ከጦርነቱ በኋላ ቪየና ውስጥ በከፈቷቸው የልጆች ምክር ጣቢያዎች ልጁንና ወላጁን የሚያማክሩት ብዙ ጊዜ መምህራን በተሰበሰቡበት ፊት ነበር። ሌላውም እንዲማርበት ነው፣ ይገባኛል። እዚህ ግን ገመና ነው። ያንን ልጅ በሰው ፊት ብጠይቀው ያቺን «ከወንድሜ ጋር ነዋ» አገኛት ነበር? አይመስለኝም።

መድኃኒቱ ማበረታታት ነው ይላሉ አድለራውያን፣ ማበረታታትንም ከማሞገስ ይለያሉ። ይህንን ለመረዳት መጽሐፍ አላስፈለገኝም። «ጎበዝ» የሚባለው ከተሳካ በኋላ ነው፤ ያልተሳካለት አያገኘውም፣ ያገኘውም ነገ እንዳያጣው ይፈራል። «አይዞህ» ግን የሚባለው ገና በመንገድ ላይ ላለ፣ ለወደቀም ጭምር ነው። እናቶቻችን ያውቁታል። ብቻ «አይዞህ» እያልን ጀሪካኑን የምንቀበል ከሆነ «አትችልም» ማለታችን ነው።

ስለዚህ ያደረግሁት ትንሽ ነገር ነው። የወንድሙን ስም ማንሣት አቆምኩ። ክፍልፋይ ያቃታቸውን ሁለት ልጆች ሰጠሁትና «በሽንኩርት አስረዳቸው» አልኩት። መጀመሪያ የቀለድኩበት መስሎት ፊቱ ተለወጠ። ሳምንት ፈጀበት። አንድ ቀን ግን በዕረፍት ሰዓት ደብተር ላይ ሚዛን ሥሎ «ሩቡ ስንት ነው? አይ፣ መጀመሪያ ግማሹን በሉ» ሲል ሰማሁት። አልተጠጋሁም።

ግንቦት ላይ አሥር ጥያቄ ያለው ፈተና ሰጠሁ። ሦስቱን ሠርቷል፣ ሁለቱ ትክክል ናቸው። ሦስተኛውን ሠርቶ አጥፍቷል፣ እንደገና ሠርቶ እንደገና አጥፍቷል፣ በመጨረሻ ላጲሱ ወረቀቱን በስቶታል። ቅዳሜ ወረቀቱን ይዤ አክስቱ መደብ ሄድኩ።

«ከአሥር ሁለት?» አሉ፣ ወረቀቱን ዓይናቸው ድረስ አስጠግተው።

«እትዬ፣ እዚህ ጋ ቀዳዳውን ይዩት» አልኳቸው።