ኩሩፓይቲ በለንደን፣ ስቶክ በኖቲንግሃም

ምሥራቅ ለንደን ውስጥ፣ በድሮው የሮያል ቪክቶሪያ ወደብ ዳር፣ ኤክሴል የሚባል ግዙፍ የኤግዚቢሽን ማዕከል አለ። በየዓመቱ አፕሪል ውስጥ አንድ ቅዳሜ፣ ደቡብ ለንደን ዋርሎርድስ የተባለ ክለብ እዚያ «ሳሉት» የሚባለውን የጠረጴዛ ላይ የጦርነት ጨዋታ ትርኢት ያሰናዳል። ከስተም ሃውስ ጣቢያ ከባቡር ስወርድ መንገድ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ትልልቅ የጀርባ ቦርሳ ያነገቱ ጎልማሶችን መከተል ብቻ ነው። ቦርሳዎቹ ጠዋት ባዶ ናቸው። ማታ ዚፓቸው አይዘጋም።

ነገሩ ጦርነት ነው። የሚዋጉት ግን ከጣት የማይረዝሙ ወታደሮች ናቸው። በጣም የተለመደው ቁመት 28 ሚሊ ሜትር ነው፤ 15ም 6ም አለ። አንዱ ምስል ሃያ ወይም ሠላሳ ሰው ይወክላል። ርቀት በኢንች ይለካል፣ ዕድል በዳይስ ይወሰናል፣ ሁለቱ ወገኖች ተራ በተራ ይንቀሳቀሳሉ። የፕሩሲያ ጦር በ1824 ለመኮንኖቹ ማሠልጠኛ ብሎ ከተቀበለው የካርታ ጨዋታ ጋር የሥጋ ዘመድ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

በየጠረጴዛው ዝነኛ ውጊያዎች ተዘርግተዋል። ዋተርሉ ነበር። ጌቲስበርግ ነበር። ኖርማንዲማ በየጥጉ ነው። አልፌያቸው ሄድኩ። ክፋት የለባቸውም፤ ግን ሁሉ ነገር አልቆ የተቀመጠ ነው። የየትኛው ክፍለ ጦር ኮሌታ ምን ቀለም እንደነበረ ሳይቀር ተጽፏል። ብዙ ሰው ያልሰማው ጦርነት ላይ ግን አዘጋጁ ራሱ ቆፍሮ ማውጣት አለበት። ደግሞ ጠረጴዛ ርኅራኄ የለውም። መጽሐፍ «ጦሩ ረግረጉን ተሻገረ» ብሎ ያልፋል። ጠረጴዛ ግን ረግረጉ የት ይጀምራል፣ ስፋቱ ስንት ነው፣ መድፍ ያሳልፋል ወይ ብሎ ያፋጥጣል። መልስ ከሌለ ጨዋታ የለም።

አዳራሹ መሃል አካባቢ ቀይ ሸሚዝ ለብሰው በባዶ እግራቸው የቆሙ ወታደሮች አየሁና ቆምኩ። ፓራጓዮች ናቸው። ጠረጴዛው ኩሩፓይቲ ነው።

ከ1864 እስከ 1870 ፓራጓይ ብቻዋን ከብራዚል፣ ከአርጀንቲናና ከኡራጓይ ጋር ተዋግታለች። በላቲን አሜሪካ ታሪክ በአገሮች መካከል ከተደረጉት ጦርነቶች የዚህን ያህል ሰው የፈጀ የለም። ከዚያ አህጉር ውጭ ግን ስሙን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። በሴፕቴምበር 1866 መጀመሪያ ላይ የሦስቱ አገሮች ጦር በፓራጓይ ወንዝ ዳር ኩሩሱ የሚባለውን ምሽግ ያዘ። ወደ ትልቁ የኡማይታ ምሽግ ለመድረስ ቀጥሎ የሚጠብቀው ኩሩፓይቲ ነበር። ወዲያው ቢገፋ ኖሮ ብዙም የሚያቆመው ነገር አልነበረም። አልገፋም። በመሃል የፓራጓዩ መሪ ፍራንሲስኮ ሶላኖ ሎፔስ ከአርጀንቲናው ፕሬዚዳንት ከባርቶሎሜ ሚትሬ ጋር ተገናኝቶ ስለ ሰላም ተነጋገረ። ንግግሩ ከሸፈ። ቀኑ ግን አለፈ። ጥቃቱ ለ17 ተቀጠረ፤ ዶፍ ዝናብ ወረደና ወደ 22 ተገፋ። ይህ ሁሉ ሲሆን ፓራጓዮች ሌትና ቀን እየቆፈሩ ነበር።

አዘጋጁ አዛውንት ናቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ያስረዳሉ። የጨዋታቸው ብልሃት ያለው እዚህ ዝናቡ ላይ ነው። ከጥቃቱ በፊት ዳይስ ይጣላል። የወጣው ቁጥር ስንት ቀን እንደዘነበ ይነግራል። ለእያንዳንዱ የዝናብ ቀን ከሣጥናቸው አንድ ቁራጭ ያወጡና ምሽጉ ላይ ይጨምራሉ። መጀመሪያ ተራ ቦይ ነው። ቀጥሎ ከፍ ያለ የአፈር ግንብ ይመጣል። ቀጥሎ መድፍ። በመጨረሻ ከፊት ለፊቱ፣ ጫፋቸው ወደ አጥቂው የዞረ ባለ እሾህ ዛፎች ይጋደማሉ። ዛፎቹን የሠሩት ከደረቀ ሥር ነው። እሾሁ የተቆራረጠ የብሩሽ ጠጉር ነው፤ አንድ በአንድ በማጣበቂያ የተተከለ። ጠጋ ብዬ ሳየው ሰውየው ስንት ማታ ቢያመሹበት ነው አልኩ።

«ብራዚሎቹን ትይዛለህ?» አሉኝ። ያዝኩ።

በታሪኩ አራት የጥቃት ሰልፎች ነበሩ፤ በግራ በወንዙ በኩል ሁለት የብራዚል፣ በቀኝ ሁለት የአርጀንቲና። መጀመሪያ የብራዚል መርከቦች ይደበድባሉ። ዳይሱን ጣልኩ። ጥሩ ወጣ። አዛውንቱ ቁጥሩን አዩ፣ ወረቀት ላይ አንድ ነገር ጻፉ፣ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ምሽጉ ተመታ ወይስ አልተመታም? አይናገሩም። እዚያው እሾሁ ሥር ደርሰን ነው የምናየው። ሚትሬም ከዚህ የበለጠ አያውቅም ነበር። የወንዙ ዳር ከውኃው ከፍ ያለ ስለነበር የመርከቦቹ ጥይት አብዛኛው በከንቱ አልፏል።

ፓራጓይን የያዘችው አንዲት ወጣት ነበረች። አጠገቤ አርጀንቲናን የያዘው ሰው ሻለቃ በሻለቃ ሲያስጠጋ፣ እኔም ረግረጉን ዞሬ ስገባ፣ እሷ አንድም ወታደር አላንቀሳቀሰችም። እጇን አጣጥፋ ትጠብቃለች። እሾሁ ጋ ስንደርስ ወረቀቱ ተነበበ። መድፎቹ ደህና ናቸው። ከዚያ ወዲያ የእሷ ሥራ ዳይስ መጣል፣ የእኛ ሥራ ወታደር ማንሳት ሆነ።

«እኔ ሥራዬን የጨረስኩት እናንተ ሳትመጡ ነው» አለች።

በእርግጥም ያን ቀን ከሦስቱ አገሮች ጦር ወደ 4,000 የሚጠጋ ሰው ሞቷል ወይም ቆስሏል። የፓራጓይ ጉዳት መቶ አልሞላም። እና ታዲያ ውጤቱ የታወቀ ነገር ምን ይጫወቱታል ይባላል። ልክ ነው፣ እኔም ጠይቄያለሁ። አዛውንቱ እንዳሉኝ ነጥብ የሚሰጠው ምሽጉን ለያዘ አይደለም፤ ማንም አይዘውም። ነጥቡ «ይበቃል» ብሎ ያቆመበት ሰዓት ነው። ሁለተኛውን ማዕበል ትልካለህ ወይስ ትመልሳለህ? የጎረቤቴ ሰልፍ እሾሁ ውስጥ ተይዞ እያለ የእኔን መመለስ እሱን ለብቻው መተው ነው። አንድ ተራ ሙሉ ተከራከርን። አዛዦቹ ያን ቀን ለምን ቶሎ እንዳላቆሙ የገባኝ እዚያ ክርክር ውስጥ ነው። መጽሐፍ ላይ ቂልነት ይመስል ነበር።

ጨዋታው ሲያበቃ አዛውንቱን ይህን ሁሉ ከየት እንዳገኙት ጠየቅኳቸው። የሥዕል ፎቶዎች አወጡ። ካንዲዶ ሎፔስ የሚባል አርጀንቲናዊ መኮንን ኩሩፓይቲ ላይ ቀኝ እጁን አጥቷል። ከዚያ በግራ እጁ መሳል ተማረና ያየውን ጦርነት በተከታታይ ሥዕሎች አስቀረው። ሥዕሎቹ ጎናቸው ረጅም ነው። ከላይ ሆኖ እንደሚያይ ሰው ነው የሚስለው። ሜዳው ሙሉ ይታያል፤ ሰዎቹ በመቶዎች የሚቆጠሩ፣ ትናንሽ፣ ግን እያንዳንዱ የየራሱን ነገር ሲያደርግ። ለጠረጴዛ ጦርነት ተብሎ የተሳለ ነው የሚመስለው። የድንኳኑ አደራደር፣ የዛፉ ዓይነት፣ የዩኒፎርሙ ቀለም፣ ሁሉም እዚያ አለ።

በማግስቱ ከሴንት ፓንክራስ በባቡር ወደ ኖቲንግሃም ሄድኩ። መንገዱ ሜዳ ነው፤ ብዙ የሚወራለት የለም።

ኖቲንግሃምና አካባቢዋ ግን ለዚህ ሥራ ዋና ከተማ ናቸው። እነዚህን ትንንሽ ምስሎች የሚሠራው ሲታደል ሚኒዬቸርስ በ1979 እዚያው አጠገብ ኒውአርክ ላይ ተቋቋመ። ጌምስ ወርክሾፕ የተባለው የጨዋታ ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤቱን ኖቲንግሃም አድርጎ ቀረ። ቅርጻ ቅርጹን የለመዱት ሠራተኞች ደግሞ አንዳንዶቹ እየወጡ የየራሳቸውን ቤት ከፈቱ። መንታዎቹ አለንና ማይክል ፔሪ እንደዚያ ናቸው። የ1833ቱን የስፔን የካርሊስቶች ጦርነት የመሳሰሉ ገበያ የሌላቸው የሚመስሉ ጦርነቶችን በብረት እየቀረጹ ያወጣሉ። ማይክል ፔሪ በአንድ የጥንት ጦርነት ትርኢት ላይ በመድፍ አደጋ ቀኝ እጁን አጥቶ፣ በግራው መቅረጽን እንደገና ተምሯል። ካንዲዶ ሎፔስን ከሰማሁ በማግስቱ ይህን ስሰማ ምን እንደምል ጠፋኝ።

ማታ አንድ ክለብ ተጋብዤ ነበር። የተዘረጋው ስቶክ ነው። ሁለት የነገሥታት ቤቶች ለዘውድ የተዋጉበት የእንግሊዝ የጽጌረዳዎቹ ጦርነት በ1485 ቦስዎርዝ ላይ አለቀ ተብሎ ነው የሚነገረው። አላለቀም። በ1487 ላምበርት ሲምነል የሚባል አሥር ዓመት ገደማ የሆነውን ልጅ «እውነተኛው ንጉሥ ይህ ነው» ብለው ደብሊን ላይ ዘውድ ጫኑለት። የሊንከኑ ኧርል (የመኳንንት ማዕረግ ነው) ጆን ደ ላ ፖል አየርላንዳውያንን ይዞ፣ የቡርገንዲዋ ማርጋሬት የላከቻቸውን ወደ ሁለት ሺህ የሚሆኑ ጀርመን ቅጥረኞች ጨምሮ እንግሊዝ ገባ። ቅጥረኞቹን ይመራ የነበረው ማርቲን ሽቫርትስ ነው። ጁን 16 ቀን ከኒውአርክ ወረድ ብላ ባለችው ኢስት ስቶክ መንደር አጠገብ ከንጉሡ ከሄንሪ ሰባተኛ ጦር ጋር ተፋጠጡ።

እዚህም ጠረጴዛው አንድ ጥያቄ አለው። ሊንከን ከፍታ ላይ ነበር። ለምን ወረደ? ሦስት ተራ ሳንጫወት መልሱ መጣ። የአየርላንዶቹ አብዛኞቹ ጥሩር የላቸውም። የንጉሡ ቀስተኞች መወርወር ሲጀምሩ ምስሎቹ በጭብጥ በጭብጥ ከኮረብታው ተነሱ። ከፍታ ላይ መቆም ማለት ቆሞ መሞት ሆነ። ሊንከንን የያዘው ልጅ ፀጉሩን እያከከ «ውረዱ!» አለ። ወረዱ። የኦክስፎርዱ ኧርል የመራው ግንባር ቀደም ጦር መጀመሪያ ተንገዳገደ፣ ኋላ ጸና። ጀርመኖቹ እስከ መጨረሻው አልሸሹም። የቀሩት ሸሹ፤ ጠረጴዛው ጠርዝ ደረሱና በሕጉ መሠረት ተነስተው ሣጥን ገቡ።

ጠዋት ከክለቡ ሰዎች አንዱ በመኪናው ኢስት ስቶክ ወሰደኝ። ጸጥ ያለ መንደር ነው። ጦርነቱ እዚህ እንደነበር የሚያስታውስ ድንጋይ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ አለ። ከዚያ የድሮውን የሮማውያን መንገድ ይዘን ከፍታው ላይ ወጣን።

ወጣን ማለት ይከብዳል። ዳገቱ በሄንሪ በኩል ለእግር አይታወቅም። ክለቡ ውስጥ ሁለት ንብርብር ፎም ነበር የተደረገለት፤ አንዱም ይበዛበታል። ጀርባው ግን ሌላ ነው። መሬቱ ባንዴ ወደ ትሬንት ወንዝ ይገደላል። ወንዙ ራሱ በሰፊው ይጠመዘዝና ስፍራውን ይከባል። ከሜዳው ወደ ወንዙ ዳር የሚያወርድ አንድ ጠባብ ሸለቆ አለ። ቀዩ ቦይ ይሉታል። ሽሽት ላይ የነበረው ጦር እዚያ ውስጥ ተደፍኖ ነው ያለቀው ይባላል። ሊንከንም ሽቫርትስም ያን ቀን ሞተዋል። ልጁን ሲምነልን ሄንሪ ማረውና የቤተ መንግሥት ወጥ ቤት አስገባው።

ሸለቆው አፍ ላይ ቆሜ ትናንት የተጫወትነውን አሰብኩ። የሸሹት ጠርዝ ሲደርሱ ሣጥን ገብተው አምልጠዋል። እዚህ ጠርዝ የለም። ገደልና ወንዝ ነው ያለው።

«ሕጉ መቀየር አለበት» አልኩት።

«እሱን ነው እኔም የማስበው።» ማስታወሻውን አወጣ። «የሚሸሽ ቡድን ወደ ጠርዝ ሳይሆን ወደ ቦዩ ይሄዳል። ባንድ ተራ ከሁለት ቡድን በላይ አይገባም።»

«ሦስተኛውስ?»

«ተራውን ይጠብቃል። አሳዳጅ ከደረሰበት ዳይስ ይጥላል።»

«ለጀርመኖቹስ?»

እነሱ አይሸሹም አለ። አይሆንም፣ ቅጥረኛ ናቸው፣ ቢያንስ አንድ ዳይስ ይጣልላቸው አልኩ። ማርቲን ሽቫርትስ በሕይወት እስካለ ድረስ አይጣልም አለ። ሽቫርትስ ከሞተ በኋላ እንዲጣል ተስማማን፣ እሱም ጻፈው። ስለ ቦዩ ስፋት ግን አልተስማማንም። እሱ በጠረጴዛው መጠን አራት ኢንች ይበቃዋል ይላል፤ እኔ ሦስት። አፉን በእርምጃ እንለካው ብሎ ቀድሞኝ ወረደ።